የበረዶው ደቦ

አካፋ ሲሚንቶ ላይ ሲፋቅ የሚያወጣውን ድምፅ የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ። ዘንድሮ በረዶው በጊዜ ጣለና፣ ትናንት ጠዋት ሻዬን ይዤ ወደ መስኮቱ ስሄድ ያ ድምፅ ከደጃችን መጣ። ክርር ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ እንደገና ክርር ይላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሌላው ሰው እባብ ይፈራል፣ አውሮፕላን ይፈራል፤ እኔ ሀዋ፣ ሰባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ፣ የምፈራው አካፋ ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ በሁለት ክርርታ መካከል ያለችውን ዝምታ ነው የምፈራው። ዝምታዋ ትንሽ ከረዘመች ጆሮዬ ይቆማል፣ አፌ ይደርቃል፣ የያዝኩትን ነገር እጥላለሁ። ልጄ ሰሚራ ይህን ስነግራት፣ "እማ፣ ዩ ኒድ ቱ ቶክ ቱ ሰምዋን" ትለኛለች። ይኸው ከእናንተ ጋር ላውራ።

ነገሩ የሚጀምረው ከብዙ ዓመት በፊት፣ በስደት በመጣንባት በዚህች ከተማ፣ ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ካሴት ሲላላ በእስክሪብቶ የምናጠነጥንበት፣ አገር ቤት ለመደወል የስልክ ካርድ በሳንቲም የምንፍቅበት ጊዜ ነበር ብል ይበቃል። ከዳውንታውን ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ በባቡር ሐዲዱ ሥር ካለፋችሁ በኋላ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጎን በምትገባ ቅያስ ውስጥ አንድ ቀይ የጡብ ቤት ነበር። ታች የወሎ ልጆች የሆኑ ወንደላጤዎች ተጨናንቀው ይኖራሉ፤ ላይ እኔና ባለቤቴ ይማም ነን፣ አዲስ ሙሽሮች። ከጥጉ ላይ አሮጌ ልብስ የሚሸጡ አንዲት ነጭ አሮጊት ነበሩ። ካፖርት በሁለት ዶላር፣ ቦት ጫማ በአንድ ዶላር፣ ሻርፕ ደግሞ ፈገግ ካልንላቸው በነጻ። ለእኔ የደረሰኝ የወንድ ካፖርት ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ይወርዳል፣ ቁልፎቹ ቢጫ ሆነው ያብረቀርቃሉ። ይማም ያንን ለብሼ ባየኝ ቁጥር ተረከዙን አጋጭቶ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጠኝ ነበር። ቦት ጫማው ውሃ ስለሚያስገባ ካልሲያችን ላይ የዳቦ ፌስታል እናጠልቃለን፤ ዳቦ ስንገዛም የፌስታሉን ጥንካሬ እያየን ነበር የምንመርጠው። ስንራመድ ሁላችንም ኮሽ ኮሽ እንላለን። አውቶቡስ ውስጥ ኮሽ የሚል ሰው ከሰማን፣ ፊቱን ሳናይ ሰላም እንል ነበር።

ዛሬ ሰሚራ ኢኮ ፍሬንድሊ የምትለው ኑሮ ያኔ ስሙ ችግር ነበር። ምስር ያጠብኩበትን ውሃ አልደፋም፣ ናና ለተከልኩበት ቆርቆሮ እሰጠዋለሁ። የበሩን ሥር በተጠቀለለ አሮጌ ብርድ ልብስ እንደፍናለን፤ ማሞቂያውን ዝቅ አድርገን ሹራብ በሹራብ ላይ እንደርባለን። ማድረቂያው ማሽን ኳርተር የሚሏትን ሳንቲም ስለሚበላ የታጠበውን ልብስ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ እናሰጣለን፤ ፌስታል አጥበን እንደገና እንይዛለን። ይኸው ከፍራንክሊንተን ወጥተን፣ በከተማው በስተምሥራቅ የራሳችንን ቤት ገዝተን፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነን። ምድር ቤታችን ውስጥ የልብስ ገመድ አለ፤ የበሩ ሥር ብርድ ልብስም አለ፣ ያው ራሱ ባይሆንም። ሰሚራ ልጅ ሳለች በዚህ ምክንያት ጓደኞቿን ቤት ማምጣት ታፍር ነበር። አሁን ገመዱን ፎቶ አንስታ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ታሳያለች። ደረጃ ላይ ጨው መበተን የተውነው ግን በቅርቡ ነው፤ ከመንገዱ ዳር የተከልኩትን ናና ጨዉ አቃጥሎ ገደለብኝ። ከዚያ ወዲህ አሸዋ ነው የምንበትነው። አሸዋ በረዶ አያቀልጥም፣ እግር ግን ይይዛል።

ወደ ጡቡ ቤት ልመለስ። ታች ከሚኖሩት መካከል ሙሄ የሚባል ነበር። የይማም አብሮ አደግ ነው፣ ከአንድ ቀበሌ ናቸው። ድምፅ ነበረው፤ ዕቃ ሲያጥብ የባቲን ዜማ ሲያንጎራጉር፣ ሙቀት በሚያወጣው የወለል ቀዳዳ በኩል ወደ እኛ ይመጣል፤ እኔም ሬዲዮኑን አጥፍቼ እሰማው ነበር። የሰናፍጭ ቀለም ያለው ሹራብ ነበረው፤ ከአሮጊቷ ሱቅ ተከራክሮ የገዛት ናት። ብርድ ይሁን ሙቀት እሷን ነው የሚለብስ። "ሙሄ፣ ይህቺን ሹራብ አግባት እንጂ" እለው ነበር። "እትዬ ሀዋ፣ እሺ ብትለኝ መች እምቢ አልኩ" ይለኛል። በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር፤ ላገባች ሴት ክብር ሲል እትዬ ይለኛል፣ እኔም እየሳቅኩ እቀበለዋለሁ።

ወንዶቹ ሁሉ የሚሠሩት ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ግሮቭፖርት፣ ከትልልቆቹ መጋዘኖች አንዱ ውስጥ ነበር። የነበራቸው መኪና አንድ ነው፤ ቡናማ፣ ረጅም፣ አንዱ በሩ በገመድ የታሰረ። እሷ ካልተነሳች የማንም ቤት አይበላም። አንድ የብርድ ወራት በረዶው ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት ስንነሳ መኪናዋ የለችም፤ ነጭ ጉብታ ብቻ ነው የሚታየው። ከኋላ ያለው ቅያስ እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ ተደፍኗል። የመጋዘኑ አለቃ ደግሞ ከዚያ በፊት በረዶ ጣለ ብሎ የቀረ ሰው አባሮ ነበር። ይማም ደረጃው ላይ ቆመና፣ "ደቦ እንጥራ" አለ። ሁሉም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን አቁመው ካፖርታቸውን ፍለጋ ሄዱ። ከሁለት ቅያስ ማዶ ያሉትን የአገር ልጆችም ጠሩ። አካፋ ያለው አካፋ፣ የሌለው የቆሻሻ መያዣ ክዳን ይዞ ወጣ።

የአገራችን ደቦ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ከዚህ ጫፍ፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ ይጀምርና መሀል ላይ ይገናኛል። ቀድሞ መሀል የደረሰ ይኮራል፤ የዘገየ ዓመቱን ሙሉ ሲቀለድበት ይኖራል። ዜማ አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ። ረድፉ ሳያልቅ ወገቡን ቀና ያደረገ ሰው ሙሽራ ይባላል፣ ሰነፍ ይባላል፣ ያልተባለው አይቀርም። አውራጁ ሙሄ ሆነ። አሁንም ይሰማኛል።

"ከወዲያ ጫፍ ያለኸው፣ አለህ ወይ?"

"አለሁ፣ አለሁ!"

"ከወዲህ ጫፍ ያለኸው፣ አለህ ወይ?"

"አለሁ፣ አለሁ!"

የፍራንክሊንተን ጎረቤቶች መስኮት ከፍተው ያዩ ነበር። አሮጊቷም ወጥተው አጨበጨቡ። እኔ ላይ ቤት ሆኜ ሻይ በትልቁ ድስት ጥጄ፣ በመስኮት እያየሁ ስቄ ልሞት ነበር። አረም ሲሆን፣ አጨዳ ሲሆን ያ ጨዋታ ሰውን ያበረታል። እርጥብ በረዶ ግን ሌላ ነገር መሆኑን ማን ነግሮን? አንዱ አካፋ የሕፃን ልጅ ያህል ይከብዳል። አየሩ ሲሳብ ደረት ይቆነጥጣል። ወንዶቹ ቁርስ ሳይበሉ፣ ውሃ ሳይቀምሱ፣ ከአልጋቸው ተነስተው ነው የገቡበት። በረዶውን አንስተው በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ይወረውራሉ፤ ማን ይቀድማል ነው ነገሩ። የሙሄ ድምፅ መቅጠን ሲጀምር ሰማሁ። "ከወዲያ ጫፍ" ይልና ያቆማል፣ "አለህ ወይ" የምትለዋን ዘግይቶ ይጨምራል። ከዚያ ጨርሶ ተወው። ዜማው እንዳይወድቅ ይማም ተቀብሎ ማውረድ ጀመረ።

ሻዩን ይዤ ስወርድ ሙሄ የበረዶው ክምር ላይ ተቀምጧል። ሰናፍጯ ሹራብ በካፖርቱ መሀል ትታያለች። "ትንሽ ደረቴን ያዘኝ እትዬ ሀዋ" አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። ከኋላው ያሉት፣ "ሙሽራው ተቀመጠልሽ፣ ሻይ ስጪው" እያሉ ይስቃሉ። ብርጭቆውን ስዘረጋለት እጁን አላነሳም። ይማም ጀርባውን ሰጥቶ፣ "ከወዲህ ጫፍ ያለኸው፣ አለህ ወይ?" ይላል፤ ሰዉ ሁሉ "አለሁ፣ አለሁ" ይላል፤ ሙሄ ብቻ አልመለሰም። እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝምታ ነው። አካፋዎቹ ሁሉ ቆሙ። አምቡላንሱ የመጣው እነሱ በጠረጉት መንገድ ነበር፤ መሀል ላይ ሊገናኙ ጥቂት ቀርቷቸው ስለነበር የአምቡላንሱ ሰዎች ቀሪውን በእግራቸው መጡ። አልደረሱለትም።

ከዚያ ወዲህ ያቺን ዜማ ከእኛ መካከል ያወጣት ሰው የለም። የጡቡ ቤት ሰዎች አንድ በአንድ ተበታተኑ። ይማም ግሮቭፖርት ሲሠራ ኖሮ በጡረታ ወጣ። በየዓመቱ በረዶ ሲጥል፣ ሱብሂ ሰግዶ ምንም ሳይናገር አካፋውን ያነሳል። እኔ ደግሞ በመስኮት ቆሜ የትከሻውን ከፍ ዝቅ አያለሁ። ብርዱ በገባ ቁጥር ግራ ትከሻዬን ያዝ ያደርገኛል፤ ፍርሃት ነው እያልኩ በዘይት አሸዋለሁ። ፈሪ ሰው በሽታው ብዙ ነው፣ አንዱን ከአንዱ አይለይም።

ከዚያ ያ ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ የሚሄድበት፣ መጨባበጥ የቀረበት ጊዜ መጣ። በዚያ ዓመት ነው፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን፣ ይማም ምድር ቤት ማሞቂያውን ሲነካካ ቆይቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ "ትንሽ ደረቴን ያዘኝ" ያለኝ። ያቺኑ ቃል። አንድ ፊደል እንኳ ሳይጨምር። ሆስፒታል ወስደውት እኔን በር ላይ መለሱኝ፤ በዚያ ዘመን አስታማሚ አይገባም ነበር። ሰሚራ እስክትደርስ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ውስጥ፣ ተከትዬ የመጣሁባት መኪናችን ውስጥ፣ መቁጠሪያዬን፣ ተስቢሄን ይዤ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያለችው ሴትም መኪናዋ ውስጥ ታለቅስ ነበር፤ መስታወቱን ዝቅ አድርገን ተያየን እንጂ አልተነጋገርንም። ልቡ ውስጥ አንዱ የደም ሥር ጠቦ ኖሮ፣ የምታሰፋ ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገቡለት። ስቴንት ይሏታል። ሲወጣ ነርሷ ብዙ ነገር ተናገረች፣ ሰሚራም በስልክ ተረጎመችልኝ። "ከባድ ነገር አያነሳም፣ እማ። በረዶ መጥረግ ደግሞ ባይሆን ይመረጣል ብላለች። ግድ ከሆነ ግን፣ እየሠራ ማውራት ካቃተው፣ ዛትስ ኢት፣ እዚያው ያቁም።" እኔ የሰማሁት በረዶ የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ያን ሰሞን የታጠበ ልብስ ተሸክሜ ከምድር ቤት ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጥ ጀመር። ማስኩ ነው አልኩ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ማስክ አላደርግም።

በተከታዩ የካቲት ትልቁ በረዶ ወረደ። ከይማም ቀድሜ ተነስቼ አካፋውን ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጀርባ ደበቅኩት።

"አካፋው የት ሄደ?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ።"

"ሀዋ።"

"ለሰሚራ ኮል አድርጌያለሁ። የሚጠርግ ሰው ከሰዓት ትልካለች።"

"ፖስታ የምታመጣው ሴትዮ ከዚያ በፊት ነው የምትመጣ። ደረጃችን ላይ ወድቃ ብትሰበርስ?"

"እንግዲያው ተፈራ በሞተሩ ይጥረግልህ።"

ተፈራ ጎረቤታችን ነው። በዲቪ የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እኛ ልጅ እንለዋለን እንጂ ጢሙ ሸብቷል፤ ዕቃ በመኪና ያደርሳል። በረዶ እየዋጠ ወደ ጎን የሚተፋ የቤንዚን ሞተር አለው፤ ስንት ጊዜ፣ "ጋሼ ይማም፣ እኔ አለሁ አይደል" ብሎታል። ይማም ግን ይህንን ሞተር አይወደውም። "ይህቺን ለምታክል የመኪና መግቢያ ድራይቭዌይ ቤንዚን አቃጥዬ ሰፈሩን ሁሉ ላጭስ? እጅ አለኝ፣ አካፋ አለኝ" ይላል። ያን ቀንም ያንኑ አለና ወጣ። ወደ ኩሽና ዞሬ ስመለስ፣ በመስኮት የማየው ነገር ዓይኔን አላሳመነኝም። የዳቦ መጋገሪያ ትሪዬን ይዞ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ወገቡን አጥፎ በረዶ ይዝቃል። ትሪውን ብደብቅ ድስት ይዞ እንደሚወጣ ገባኝ። ምድር ቤት ወርጄ አካፋውን አመጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

"ትሪዬን መልስ" አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። "አሁን ስማኝ። መጀመሪያ ግባና ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ በል፣ ሰውነትህ ይሙቅ፤ ውሃ ጠጣ። ከዚያ በረዶውን አታነሳውም፣ ትገፋዋለህ። ማንሳት ግድ ከሆነ ግማሽ አካፋ። በጉልበትህ ነው የምትታጠፈው፤ ወገብህን ተወው። ወደ ኋላ አትወረውርም። ሳይደክምህ ትቀመጣለህ፤ ወንበር በሩ ላይ አወጣልሃለሁ።"

"ሌላስ? ፓስፖርት ላምጣ?"

"ሌላም አለ። ከዚህ ሆኜ እጠራሃለሁ። ትመልስልኛለህ።"

"ምን ብለሽ?"

"አለህ ወይ ብዬ።"

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። ያን ሁሉ ዓመት በመካከላችን ያልተነሳች ነገር ናት። "ያንን አትበይ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "ያንን እኔ ነኝ ስጮኽ የነበርኩ። እሱ ዝም ብሎ እኔ ነኝ..." አልጨረሰውም።

"አውቃለሁ" አልኩት። "ማውራት ያልቻለ ያቁም ብላለች ነርሷ። አንተ ደግሞ ስትሠራ አታወራም። እንዲህ ከሆነ በምን ልወቅ? መስኮት ላይ ቆሜ ትከሻህን ስቆጥር ዕድሜዬ አለቀ። ወይ መልስልኝ፣ ወይ አካፋውን አልሰጥህም።"

ትሪዬን መለሰልኝና አካፋውን ተቀበለኝ። ከዚያ ገባና ሰውነቱን አሟሟቀ። ሲወጣ እኔ ካፖርቴን ደርቤ በሩ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያዋን ስጠራ ዜማው ራሱ ጠፍቶብኝ ነበር። "ከወዲያ ጫፍ ያለኸው፣ አለህ ወይ?" አልኩ። ይማም ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "አለሁ" አለ። ተፈራ ከራሱ በር ላይ ቀና ብሎ፣ "እትዬ ሀዋ፣ ጨዋታ ነው እንዴ?" አለኝ። "ጨዋታ ነው" አልኩት። "እንግዲያው እኔም አለሁ" ብሎ ሞተሩን አጠፋና አካፋ ይዞ መጣ። የሙሄን ነገር ያወቀው ቆይቶ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ደቦው ተመለሰ። ሥርዓቱ ግን ተገለበጠ። ድሮ ያች ዜማ ሰውን ታሽቀዳድም ነበር፤ አሁን ታዘገየዋለች። "አለሁ" ሲል የተቆራረጠበት ሰው ሳይከራከር ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ የሚሰድበው የለም። እኔ ደግሞ አዋቂ ሆንኩ። የሞላች "አለሁ" አለች፣ የተሰነጠቀች "አለሁ" አለች፣ ለእኔ ደስታ ተብላ በግድ የወጣች "አለሁ" አለች። "ይህቺን አልወደድኳትም፣ ተቀመጥ" እለዋለሁ። ይቀመጣል። ያን ዓመት ሁሉ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ቢያንስ ግን የምሰማው ነገር አገኘሁ። የጠረጉበት ላይ አሸዋ በትነው ሲገቡ ነው ራሴን የማገኘው፤ እግሬ አልሸከመኝ ይላል፣ መንጋጭላዬ ሳይቀር ይደክመኛል። ስጮኽ ስለዋልኩ ነው እላለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በጥር፣ ደቃቅ በረዶ ጥሎ ከላይ ዝናብ ዘነበበትና ሁሉም ነገር ከበደ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ዓይን ይወጋል። ይማም ከድራይቭዌዩ ጫፍ፣ ተፈራ ከጋራዡ በኩል ጀመሩ፤ መሀል ላይ ሊገናኙ። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ላይ ነኝ። ለይማም ባወጣሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ተቀምጬ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ትከሻዬ ይዞኛል። ፍርሃት ነው አልኩ። ጠራሁ፤ ሁለቱም መለሱ። ግንባሬ ላይ ላብ ወጣ፣ በዚያ ብርድ። ካፖርቴ ከብዶ ነው አልኩና ቁልፉን ፈታሁ። እንደገና ጠራሁ፤ "ከወዲያ ጫፍ" ካልኩ በኋላ "አለህ ወይ" የምትለዋ ዘግይታ ወጣች። ይህን ነገር የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል። ይማም፣ "አለሁ" አለኝ፤ ጥሩ ሞላ ያለች አለሁ ናት። ደስ አለኝ። ትንሽ ልረፍ፣ እሱም ከጩኸቴ ይረፍ አልኩ። አካፋው ክርር ይላል። ክርር ይላል። ከዚያ ቆመ።

ያ የምፈራው ዝምታ መጣ። ቀና ብዬ ሳይ ይማም አካፋውን ይዞ ወደ እኔ ዞሯል። ጥሪውን እየጠበቀ ነበር። አልመጣለትም።

"ሀዋ" አለ። "ከወዲያ ጫፍ ያለሽው፣ አለሽ ወይ?"

ከሙሄ ሞት ወዲህ እሱ ራሱ ሲያወርዳት ያ የመጀመሪያው ነው። አለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው እንፋሎት ብቻ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የገረመኝ ግን፣ ስለራሴ አልነበረም የፈራሁት፤ እንዳትሮጥ፣ እንዳትሮጥ እያልኩት ነበር በልቤ። አልሮጠም። አካፋውን ጥሎ፣ በጠረገው መንገድ ላይ፣ ረጅም ረጅም እየተራመደ መጣ። ከኋላው ለተፈራ፣ "ናይን ዋን ዋን፣ አሁኑኑ" ሲል ሰማሁት። አጠገቤ ተንበረከከና ሁለት እጄን ይዞ፣ "መልሽልኝ፣ በዓይንሽም ቢሆን መልሽልኝ" አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩለት። አምቡላንሱ ሲደርስ ሰዎቹ አልጋውን እየገፉ እስከ በሩ ድረስ መጡ። ደቦው መሀል ላይ ተገናኝቶ ኖሯል፤ መንገዱ ሙሉ ለሙሉ ተጠርጓል።

ሐኪሟ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ አለችኝ። "በረዶ ሲጥል ነው" አልኳት። ሰሚራ ተረጎመችላትና ሁለቱም ተያዩ። ለካ የሴት ልጅ ልብ ሲታመም እንደ ሙሄ ደረቷን ብቻ ይዞ አይተዋትም፤ በትከሻ ይመጣል፣ በመንጋጭላ ይመጣል፣ በድካም ይመጣል። እኔ ሁሉንም ፍርሃት ብዬ ጠርቼው፣ ለይማም ስፈራ የራሴ ልብ ሲጠራኝ አልሰማሁትም። የይማም ዓይነት ስቴንት ገባልኝ። "ስቴንቶቻችን እህትማማች ሆኑ" አለ ይማም፣ ስወጣ፣ ሊያስቀኝ ብሎ። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ ሁለታችንም አካፋ ተከልክለናል። ትናንት ደጃችን ሲጠርግ የሰማሁት ተፈራ ነው፤ ሞተሩን ትቶ፣ ሦስት የሰፈር የአገር ልጆች ጠርቶ፣ በእጃቸው። ሰሚራ ቦት ጫማ ልካላቸዋለች፤ አንዱ ግን የሱ አልበቃው ብሎ ካልሲው ላይ ፌስታል አጥልቋል፤ ኮሽ ሲል ሰማሁትና ያ የባቡር ሐዲድ፣ ያ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ያቺ ሰናፍጭ ሹራብ ሁሉ አንድ ጊዜ መጡብኝ። ይማም መጣና ከጎኔ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ተፈራ ከውጭ አየንና እጁን አውለበለበ፤ ከዚያ ወገቡን ቀና አድርጎ፣ በአዲስ አበባ አፉ ዜማውን እያበላሸ፣ "ከወዲያ ጫፍ ያላችሁት፣ አላችሁ ወይ?" አለ። ይማም "አለሁ" አለው፣ መስታወቱን በጣቱ እየነካ። እኔ ሻዬን ተጎንጭቼ ስለነበር ወዲያው አልመለስኩም። ይማም ዞረ። ውጭ ያሉትን ረሳቸው፤ አፌን ነው የሚያየው። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሄደ። ያን ሁሉ ዓመት በመስኮት ቆሜ እኔ ምን እመስል እንደነበር ያን ጊዜ አየሁ። ሻዩን ቶሎ ዋጥኩትና፣

"አለሁ" አልኩት።